የወባ ቢምቢ የምትራባበትን ውሃ መፈለግና ማጥፋት፦ ለጎጃም ቆላና ወይና ደጋ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ወባ የምትበረታው ሰው ሥራ በሚበዛበት ወቅት ነው። ክረምቱ ይወጣል፣ አደይ ይፈነዳል፣ በቆሎው ይደርሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በወምበርማ፣ በጃዊ፣ በሜጫና በአባይ በረሃ ዳር ያሉ ጤና ኬላዎች ትኩሳት ባንቀጠቀጠው ሰው ይሞላሉ። አጫጁ ይተኛል። እናት ልጇን ታስታምማለች። እህሉ ማሳ ላይ ይቆያል።

ችግሩ እየቀለለ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አጎበርና የቤት ርጭት በሰዓቱ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ሰው «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። በእጃችን ያለው አንዱ ነገር ውሃው ነው።

ይህ መመሪያ ቢምቢዋን ክንፍ ሳታወጣ፣ ገና ውሃ ውስጥ ሳለች ስለማግኘትና ስለማጥፋት ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ሥራ አጎበርን አይተካም፣ የቤት ርጭትንም አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን እጭን፣ ማለትም ከእንቁላል ወጥታ ገና ውሃ ውስጥ ያለችውን ቢምቢ፣ ማጥፋት ተጨማሪ ዘዴ መሆኑን ነው የሚናገረው። በደንብ የሚሠራውም መራቢያ ውሃዎቹ ጥቂት፣ ቦታቸው የታወቀና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ውሃው ጥቂት የሚሆንበትን ወቅት መምረጥና እጭ ያለበትን ውሃ ከሌለበት መለየት ነው። ውሃ ባየንበት ሁሉ አፈር ብንደፋ ጉልበታችን ያልቃል፣ ወባም አትቀንስም።

መጀመሪያ ቢምቢዋን እንወቅ

በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ቢምቢ ናት። ምርጫዋ የታወቀ ነው። ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ አዲስ የተጠራቀመ፣ ሣርና ቅጠል ያልበዛበት ውሃ ትወዳለች። ቢደፈርስም ግድ የላትም። የከብት ኮቴ ውስጥ የቀረች አንድ ጭልፋ ውሃ ትበቃታለች።

ብዙ ሰው ግን ጣቱን ወደ ትልቁ ውሃ ይቀስራል። «ጣና ስላለ ነው»፣ «አባይ ስላለ ነው» ይባላል። የሐይቁ መካከል ለእጭ አይመችም። ማዕበል አለ፣ እጭ የሚበላ ዓሣ አለ። አደጋው ያለው ዳርቻው ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚቀሩት ትንንሽ ኩሬዎችና ከብት የረገጣቸው ጉድጓዶች ናቸው እጭ የሚያፈሩት። ወንዝም እንደዚያው ነው። ብርም ሆነ ተምጫ ሞልተው ሲወርዱ እጩን ጠርገው ይወስዱታል። በበጋ ሲጎድሉ ግን ዓለቱና አሸዋው መካከል የተቆረጠ ውሃ ይቀራል።

ሁለት የተለመዱ አባባሎችንም እዚሁ ላንሳ። አንደኛው «ወባ የሚያመጣው የሽንት ቤት ውሃ ነው» የሚለው ነው። በቆሸሸ ውሃ በብዛት የምትራባው ሌላ ዓይነት ቢምቢ ናት፤ ኩሌክስ ትባላለች። ሌሊት እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ወባ አታስተላልፍም። ሽንት ቤትን መጥረግና መክደን ለሌላ ጤና በጣም ይጠቅማል። ለወባ ብለን ጉልበታችንን ሁሉ እዚያ ካፈሰስን ግን ዋናውን ሳተናል።

ሁለተኛው «የበቆሎ እሸት የበላ ወባ ይይዘዋል» የሚለው ነው። እሸት መብላት ወባ አያመጣም። ሰው ግን ያስተዋለው ነገር ባዶ አይደለም። እሸት የሚደርሰው ወባ በምትነሣበት ሰሞን ነው። ከዚህም በላይ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከበቆሎ አናት የሚረግፈው ብናኝ ውሃ ላይ ሲያርፍ ለእጩ ምግብ ይሆነዋል። ያንን የበላ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ ትልቅ ቢምቢም ይወጣዋል። በቡሬ አካባቢ የተሠራ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ ይበልጥ እንደምትበረታ አሳይቷል። ይህንን ወደ ኋላ ላይ እንጠቀምበታለን።

የእድገቷን ጊዜም ያዙት፤ ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ በሁለትና ሦስት ቀን ይፈለፈላል። እጩ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል። ከዚያ ምግብ የማይበላ፣ እንደ ኮማ የተጠማዘዘ ፑፓ ይሆናል። ፑፓው ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ቢምቢ ሆኖ ይበራል። ሁሉም ተደምሮ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ሙቀት ባለበት በአባይና በበለስ ሸለቆ ቶሎ ይደርሳል። ብርድ ባለበት በወይና ደጋው ጫፍ ይዘገያል። ስለዚህ ውሃውን በየሳምንቱ ካየነውና ካጠፋነው የሚበርር አይኖርም። በየወሩ የሚደረግ ዘመቻ ግን መሃል ላይ ሁለትና ሦስት ትውልድ ያመልጠዋል።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

እኔ የምመክረው ሥራውን በጥር እንድትጀምሩ ነው። ሰው ግን የሚነቃው መስከረም ላይ፣ በሽተኛ ሲበዛ ነው። ጥርና የካቲት ላይ የዝናብ ውሃ ደርቋል። የቀረው ውሃ ጥቂት ነው፤ የቦይ ፍሳሽ፣ የቦኖ ዳር ጭቃ፣ የወንዝ ዳር ኩሬ፣ የእጅ ጉድጓድ። ቢምቢዋም ለቀጣዩ ክረምት ዘር የምታቆየው በእነዚህ ነው። አንድ ጎጥ ውስጥ ያሉትን በእግር ዞሮ ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ከብቱም ጭድ ላይ ነው፣ ገበሬውም ትንሽ ፋታ አለው።

ሁለተኛው ጊዜ ከጳጉሜ እስከ ጥቅምት ያለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኃይለኛው ዝናብ እጩን አጥቦ ይወስደዋል። ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ ፀሐይም ወጣ ገባ ስትል ውሃው ረግቶ ይሞቃል። ያኔ ነው የምትፈነዳው። በዚህ ሰሞን እያንዳንዱን የከብት ኮቴ እናጥፋ ማለት አይቻልም። ለቤት ቅርብ የሆኑትንና ውሃቸው የማይደርቀውን ብቻ ምረጡ። ለቀረው አጎበሩን እመኑ።

«እኛ ደጋ ነን፣ አይመለከተንም» የምትሉም ቆም በሉ። ወባ በብዛት ያለችው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ትልቁ ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ ነበር። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 የሚሆን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ደገኛ ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ሲይዘው ይጠናበታል። ዛሬም ለጉልበት ሥራ ወደ ጃዊና ወደ በለስ ወርዶ የሚመለሰው ወጣት ደሙ ውስጥ ይዞት ይመጣል።

ደረጃ 2፦ አካባቢያችሁን ዞራችሁ መዝግቡ

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ደብተርና እርሳስ፣ ቦቲ ጫማ፣ ነጭ ጭልፋ። ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ በጣና ዳርና በብዙ ወንዞቻችን ቢልሃርዚያ አለ።

ከቤቶቹ ጀምሩ። ቢምቢዋ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር መብረር ትችላለች፤ ደም በቅርብ ካገኘች ግን ርቃ አትሄድም። ስለዚህ ከመንደሩ ዳር ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን በደንብ ማየት ከሩቅ ረግረግ ጋር ከመታገል ይበልጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ጤና ኬላ ጎራ በሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ባለፈው ሰሞን ብዙ በሽተኛ የመጣው ከየትኛው ጎጥ እንደሆነ ጠይቋት። የሰው ስም አያስፈልግም፣ ጎጡ ይበቃል። ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።

ልጆችንና እረኞችን አስከትሉ። ከብቱ የት እንደሚጠጣ፣ ውሃ የት እንደሚያቁር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በየደረሳችሁበት ውሃ አራት ነገር ጻፉ፦ ቦታው፣ ውሃው ከምን እንደመጣ፣ ፀሐይ ያገኘው እንደሆነ፣ የማን ይዞታ እንደሆነ። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ወንዙንና መንገዱን አስቀምጣችሁ ካርታ ሳሉ። ሥዕሉ ማማር የለበትም። የሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣው ሰው ቦታውን ካገኘው በቂ ነው።

አንድ የጎጃም ጉዳይ አለ። ሰንበትና የታቦት ቀን አፈር አይቆፈርም። ዞሮ ማየቱን ግን ከቅዳሴ በኋላ በእግር መንገድ መጨረስ ይቻላል። ቁፋሮውን ለሥራ ቀን አድርጉት። ሰንበቴው ወይም እድሩ ሲሰበሰብ ያያችሁትን ብትናገሩ ወሬው በአንድ ቀን ጎጡን ያዳርሳል።

ደረጃ 3፦ በጭልፋ ፈትሹ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ባይዘለል ጥሩ ነው፤ ግማሹን ጉልበት የሚያተርፈው እሱ ነው።

ፀሐይን ከፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውሃው ቅረቡ። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ እጩ ወዲያው ወደ ታች ይሰምጣል። ከሰመጠ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ ለመተንፈስ ተመልሶ ይወጣል። ጭልፋውን አዘንብላችሁ ከዳር በኩል የላይኛውን ውሃ ቅዱ። እጩ የሚወደው ዳሩን፣ የሣር ሥሩን፣ የተንሳፈፈ ገለባ ያለበትን ነው። መሃሉን ቀድታችሁ «የለም» አትበሉ። ትንሽ ኩሬ ከሆነ አምስት ጊዜ፣ ሰፋ ካለ አሥር ጊዜ ከተለያየ ቦታ ቅዱ። ረጅም እንጨት እጀታው ላይ ብታስሩ ሩቅ ይደርስላችኋል።

አሁን ጭልፋው ውስጥ ተመልከቱ። የወባ ቢምቢ እጭ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ብሎ ይተኛል፣ ልክ እንደተንሳፈፈች ስንጥር። የሌሎቹ ቢምቢዎች እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ጅራቱ ላይ ባለች የመተንፈሻ ቱቦ ይንጠለጠላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። አንዴ ካያችሁት ከዚያ በኋላ አይጠፋችሁም። ልጆችም በቀላሉ ይለዩታል።

ፑፓ ካያችሁ ውሃው ለነገ አይቆይም። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይበራል። ያንን ቦታ በዚያው ቀን አፍስሱት። ትንንሽ እጭ ብቻ ከሆነ ጥቂት ቀን ፋታ አላችሁ። ምንም ከሌለ «የለም» ብላችሁ ጽፋችሁ እለፉ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ግን እንደገና እዩት።

ደረጃ 4፦ እንደ ውሃው ዓይነት እርምጃ ውሰዱ

ማዳፈን፣ ማፋሰስ፣ መክደን፣ ማጽዳት። አራቱን በጤና ትምህርት ሁላችንም ሰምተናቸዋል። የትኛው ለየትኛው ይሆናል የሚለው ግን ሲብራራ ብዙም አይሰማም።

የጭቃ ጉድጓድ። ጎጃም ውስጥ በጣም ከምንቸገርባቸው አንዱ ይህ ነው። ቤት ሲመረግ አፈሩ የሚቆፈረው እዚያው ደጃፍ ነው። ቤቱ ያልቃል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይይዛል፣ ከመኝታው ደግሞ አሥር እርምጃ አይርቅም። መፍትሔው ማዳፈን ነው። ስትደፍኑ ከመሬቱ ከፍ አድርጋችሁ ከምሩና ረግጡት፤ አፈሩ ሲረጋ ይወርዳልና። አፈር ለማምጣት ሌላ ጉድጓድ እንዳትቆፍሩ ግን ተጠንቀቁ። የፈረሰ ግድግዳ፣ ድንጋይ፣ አመድ፣ ከእርከን ላይ የተረፈ አፈር ተጠቀሙ። ለወደፊቱም አፈሩ ከተዳፋት ቦታ ይወሰድ፤ ውሃው በራሱ ወርዶ ይሄዳል።

ባለቤቱ ቅር ሊለው ይችላል። እዚያ ጭልፋው ይናገራል። «ጋሼ፣ ይህቺ ጉድጓድ ሳምንት ሙሉ ውሃ ይዛለች፤ እስቲ ይህን እጭ ይዩልኝ» ብላችሁ አሳዩ። ክርክር አያስፈልግም። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ጉድጓዱ ሕፃን የሚያሰምጥ መሆኑን አንሡ። ሰው ይህንን ሲሰማ ቶሎ ይነሣል።

የመንገድ ሥራ ጉድጓድ። ጠጠርና አፈር የተወሰደባቸው ትላልቅ ጉድጓዶች በየመንገዱ ዳር አሉ። በደቦ የሚሞሉ አይደሉም። ማሽን ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ በቀበሌው በኩል ለወረዳው በጽሑፍ ይቅረቡ። አዲስ መንገድ ሊሠራ ሲል ግን ሥራው ሳይጀመር «ጉድጓዱን ሞልታችሁ ሂዱ» ብሎ ማስፈረም ይሻላል። ማሽኑ ከሄደ በኋላ የሚሰማ የለም።

ቦኖና የእጅ ፓምፕ። የሚፈስሰው ውሃ ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ይሠራል፣ ከብትም ይረግጠዋል። ዙሪያውን ድንጋይ አንጥፉ። የሚተርፈውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ጌሾ ወይም ሙዝ ሥር ምሩት፤ ጓሮውም ይጠቀማል። ጓሮ ከሌለ ወገብ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ እስከ አፉ በድንጋይ ሙሉት። ውሃው ድንጋዩ መካከል ገብቶ ይሰርጋል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ገጽ አይኖረውም። ይህ በቀይ አፈር ላይ በደንብ ይሠራል። በጥቁር አፈር ላይ ግን ቶሎ ስለማይሰርግ ቦዩ ይሻላል።

የመስኖ ቦይ። ሜጫ ላይ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት ያለማል ተብሎ የተሠራ ነው። ከብር፣ ከግልገል አባይና ከሌሎቹም ወንዞች በሞተር ፓምፕ ውሃ የሚስብ ገበሬ ብዙ ነው። መስኖ በረከት ነው፤ ይቅር የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ግን በበጋ፣ ሌላው ውሃ ሁሉ ሲደርቅ፣ ቢምቢዋን የሚያቆያት የመስኖ ፍሳሽ ነው። በሚፈስሰው ውሃ ውስጥ እጭ አይበረክትም። ችግሩ ቦዩ ሞልቶ የሚያፈስስበት ጎን፣ የተሰበረው ሲሚንቶ ሥር፣ ውሃ ሲዘጋ ቦዩ ወለል ላይ የሚቀረው ኩሬ፣ የማሳው ጫፍ ላይ የሚጠራቀመው ትርፍ ውሃ ነው።

የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ካላችሁ ሦስት ነገር በመተዳደሪያው ይግባ። አንድ፣ ቦዩ ከሣርና ከደለል በየጊዜው ይጠረግ። ሁለት፣ የውሃ ተራው ሲወጣ በሳምንት ቢያንስ አንድና ሁለት ቀን እያንዳንዱ ትንሽ ቦይ ሙሉ ለሙሉ እንዲደርቅ ይሁን። ሦስት፣ ትርፍ ውሃ ወደ ሰው መንደር የሚለቅ ሰው ይጠየቅ። የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ዳራቸው ላይ የበቀለው ሣር ይታጨድ፣ ከብትም ዳሩን እንዳይረግጥ ይታጠር። ዳሩ ቀጥ ብሎ ንጹሕ ሲሆን ለእጭ መጠለያ ያጣል።

የጓሮ ጉድጓድና የፕላስቲክ ኩሬ። በሜጫና በዳንግላ አካባቢ ለጓሮ አትክልት የሚቆፈሩ የእጅ ጉድጓዶች አሉ። በፕላስቲክ የተነጠፉ የውሃ ማቆሪያዎችም በየቦታው ቀርተዋል። የሚሠራበትን በእንጨትና በቆርቆሮ ክደኑት። የማይሠራበትን ድፈኑት። የተቀደደ ፕላስቲክ ያለው ኩሬ ለማሳ ውሃ አይሰጥም፣ ግን ለቢምቢ የሚበቃ ውሃ ይዞ ይከርማል።

የከብት ውሃ መጠጫ። ከብቱ ወንዙ ዳር በሰፊው ሲበተን መቶ ኮቴ ያቆራል። አንድ መውረጃ ምረጡና በድንጋይ አንጥፉት። ሌላውን ዳር በእሾህ እጠሩ። ብዙ ጉድጓድ በአንድ ቀን ሥራ ይቀንሳል።

የተፋሰስ ትሬንች። በጥርና በየካቲት ዘመቻ የምንቆፍረው ትሬንች ውሃ ወደ መሬት እንዲያሰርግ ነው። በትክክል ሲሠራ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ሳምንት ሙሉ ውሃ ይዞ ከተገኘ ግን ወይ ደለል ሞልቶታል፣ ወይ ጥቁር አፈር ላይ ተቆፍሯል። ለግብርና ባለሙያው ንገሩት፤ ማጽዳት ወይም ማስተንፈሻ ማበጀት ይቻላል።

ጨፌና ረግረግ። ይህንን ለማድረቅ አትቸኩሉ። የግጦሽ ሣር ነው፣ የምንጭ እናት ነው። ሣሩ የተጠቀጠቀበት መሃሉ ጥላ ስለሆነ አራቢየንሲስ ብዙም አትወደውም። መንደር አጠገብ ያለውን ዳሩን ብቻ እዩ። ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚጠጣ አንዳንዶች ለማድረቂያ ይተክሉታል። ይሠራል፣ ግን ምንጭ ያለበት ወይም እህል የሚዘራበት አጠገብ አትትከሉት።

በቆሎ። ውሃ የሚያቁር ቦታ አጠገብ በቆሎ አትዝሩ። ወይ ውሃውን አፋስሱት፣ ወይ ዳሩን በበርበሬ ወይም በድንች ያዙት። ብናኙ በብዛት የሚያርፈው ከማሳው ብዙም ሳይርቅ ነው። በቆሎው አበባ በሚያወጣበት ሰሞን በማሳው ዳር ያለ ኩሬ ሁሉ ቅድሚያ ይሰጠው።

ሮቶ፣ በርሜል፣ የተጣለ ጎማ። ለባሕር ዳርና ለከተሞቻችን ሰው ይህ ከወትሮው የበለጠ ጉዳይ ሆኗል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ቢምቢ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የበጋ ወረርሽኝ ምክንያት ከሆኑት ዋናዋ እሷ ነበረች። የምትራባው ከተማ ውስጥ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ነው። የሮቶ ክዳን ይገጥም፤ የማይገጥም ከሆነ ነጠላ ወይም የወንፊት ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩበት። በርሜሉን በሳምንት አንዴ ባዶ አድርጋችሁ ውስጡን በብሩሽ እሹት። አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ያለውን የሲሚንቶ ማጠጫ ገንዳም አትርሱ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት የሚያስፈልገው ውሃ

የማይዳፈን፣ የማይፋሰስ፣ እጭም የማያጣ ውሃ ይኖራል። እዚያ ላይ የእጭ ማጥፊያ ይረጫል። ሁለት የታወቁ አሉ። አንዱ አቤት የሚባለው ቴሜፎስ ነው፤ ኬሚካል ነው። ሌላው ቢቲአይ ከሚባል ባክቴሪያ የሚሠራ ነው። ቢቲአይን እጩ ሲበላው ይሞታል፤ ለሰው፣ ለከብትና ለዓሣ ጉዳት የለውም። ግን ቶሎ ኃይሉን ስለሚያጣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ሁለቱንም በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ አስረጩ። መጠኑን በግምት አይጨምሩትም።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚደፋ ሰው አለ። እጩን ያፍነዋል፣ እውነት ነው። ግን ውሃውን ከብት ይጠጣዋል፣ ወደ ማሳና ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ አፈሩንም ያበላሻል። አታድርጉት። የእርሻ ፀረ ተባይ ውሃ ላይ መርጨት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ሰው ይመርዛል፣ ቢምቢዋንም መድኃኒቱን ያስለምዳታል። የአገራችን ቢምቢ ዲዲቲን የለመደችው ለረጅም ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር ስትገናኝ ቆይታ ነው።

ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ እጭ ብዙ አይገኝም። ቆሮሶ እጭ ይበላል። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ የራሳችሁ ኩሬ ካለ የዓሣ ባለሙያ አማክራችሁ ልታስገቡበት ትችላላችሁ። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ግን ወደ ወንዝና ወደ ጣና አትልቀቁ።

ደረጃ 6፦ በየሳምንቱ ተመለሱ

ቀን ቁረጡ። ቀኑ ከተቆረጠ ይረሳል ብላችሁ አትሠጉም። ጎጡን ለሦስትና ለአራት ክፈሉት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው መድቡ። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ሲታመም ወይም ገበያ ሲወጣ ሥራው ይቆማል። የትምህርት ቤት የጤና ክበብ ካለ ልጆቹ በጣም ጎበዞች ናቸው፤ ውሃው ውስጥ ግን አይግቡ።

ደብተሩ ላይ ከየቦታው አንጻር «እጭ አለ» ወይም «የለም»፣ «ተዳፈነ» ወይም «ቀረ» ብላችሁ ጻፉ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ገጹን ስታገላብጡ አንድ ነገር ታያላችሁ። ከተመዘገበው ውሃ ሁሉ እጭ ደጋግሞ የሚገኝበት ጥቂቱ ነው። ጉልበት ያነሰ ቀን እነዚያን ብቻ እዩ።

በሽተኛው ወዲያው ካልቀነሰ ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ የምትበርረው ቢምቢ ከሳምንታት በፊት የተፈለፈለች ልትሆን ትችላለች። የወባው ጥገኛ ተሕዋስም ቢምቢዋ ከሰው ደም ከወሰደችው በኋላ በሆዷ ውስጥ እስኪበስል አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በተጨማሪም ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ይነሣል። ያ ሰው ዛሬ የታመመው በዛሬ ቢምቢ ላይሆን ይችላል።

ትኩሳት ያለበት ሰው ሲገኝ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ጤና ኬላ ይድረስ፣ ይመርመር። የተሰጠውን መድኃኒት ሻል ሲለው አያቋርጥ፣ ለሌላም አያካፍል። ለቫይቫክስ የሚሰጠው ፕሪማኪን ብዙ ቀን የሚወሰድ በመሆኑ ሰው ይሰለቸዋል፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ግን እሱ ነው። እርጉዝ ሴት ግን ፕሪማኪን አትወስድም፤ እርግዝና ካለ ለጤና ባለሙያው ቀድሞ ይነገር። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት በየሌሊቱ አጎበር ውስጥ ይደሩ። አጎበሩ ሲታጠብ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

በመጨረሻ ደብተሩን ቤት አታስቀምጡት። የተፋሰሱ ዘመቻ ዕቅድ ሲወጣ፣ ከጥር በፊት፣ ዝርዝሩን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። በደቦ የሚዳፈኑትን፣ ማሽን የሚፈልጉትን፣ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውን ለይታችሁ ጻፉ። ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ በሚወጣበት በዚያ ሰሞን፣ ከዘመቻው ቀኖች ሁለቱ ለእነዚህ ጉድጓዶች እንዲሰጡ ጠይቁ።